ላንድክሩዘርና ወንዝ፦ የስኖርክል ነገር

ሞተር ለመስበር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና አስጎብኚዎች አገር ያቋረጡበት የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ «1ኤችዜድ» የናፍታ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር አለው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ምት ወደ 694 ሲሲ አየር ይስባል። የጭመቃ መጠኑ 22.4 ለ1 ስለሆነ፣ ፒስተኑ ላይ ጫፍ ሲደርስ ከራሱ በላይ የሚተርፈው ክፍተት 32 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ክፍተት የበለጠ ውሃ ገብቶ ቫልቮቹ ሲዘጉ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፤ መኪናው ግን በማርሽ እየሄደ ስለሆነ ሞተሩን ከታች ማዞሩን አይተውም። መሃል ቤት የሚጎዳው ቢየላው፣ ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ነው፦ ይጣመማል፣ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። ሾፌሩ የሚሰማው አንድ ጊዜ «ጓ!» ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ፣ ከጸጥታው በኋላ ደግሞ የጋራዥ ሒሳብ።

ሞተሩ የመጣለትን አይመርጥም። በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ከ3,000 ሊትር በላይ አየር ይውጣል፤ አፉ ላይ ውሃ ከደረሰም በዚያው ጉልበት ይስበዋል። ስኖርክል የሌለው መኪና አየር የሚወስደው ከኮፈኑ ሥር፣ ከፓራፋንጎው አካባቢ ነው። ከፊት መስታወቱ ጎን ሽቅብ ወጥቶ ጣራው ላይ የሚደርሰው ጥቁር ቱቦ ይህንን አፍ ከፍ ማድረጊያ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሐሳቡ የመጣው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነው። የኔዘርላንድ ባሕር ኃይል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ የናፍታ ሞተሩን ከውሃ ሥር ሆኖ የሚያስተነፍስ ቱቦ ይሠራ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1940 አገሪቱን ስትይዝ ቱቦውም እጇ ገባ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ዓመታት በራሷ መርከቦች ላይ ገጠመችው። ያ ቱቦ ማዕበል ሲያልፍበት የሚዘጋ ቫልቭ ነበረው። የመኪናው ቱቦ እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም። ውሃን የሚመክተው በከፍታውና በመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት ብቻ ነው፤ ገዢው ሁሉ የሚያየው ግን ከፍታውን ነው።

ብዙዎች የሚፈሩት ላይኛውን አፍ ነው። ወደ ፊት የዞረ አፍ በዝናብ ሲነዱ ውሃ አይጨልጥም ወይ? ጠብታ መግባቱስ ይገባል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ስኖርክል ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አየሩን በድንገት ያጥፈዋል፤ አየሩ ቀላል ስለሆነ ይታጠፋል፣ ጠብታው ግን ከበድ ስለሚል ቀጥ ብሎ ሄዶ ከኋላው ግድግዳ ጋር ይላተምና ከጭንቅላቱ ጀርባ ባሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ወደ ውጭ ይፈስሳል። እነዚህን ስንጥቆች «ውሃ ያስገባሉ» ብሎ በሲሊኮን የሚደፍን አይጠፋም። የደፈነው መውጫውን ነው።

አደጋው ያለው ከታች ነው። ቱቦው በፓራፋንጎው ቀዳዳ ገብቶ፣ በታጠፈ ጎማ ከአየር ፊልትሮው ቤት ጋር ይያያዛል፤ ከፊልትሮው ቤት ሌላ ጎማ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። መኪናው ወንዝ ውስጥ ሲሆን እነዚህ መጋጠሚያዎች ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ሞተሩ ደግሞ ከውስጥ እየሳበ ነው። ጣራ ላይ የደረሰ ቱቦ ከታች አንድ የላላ ማጥበቂያ ካለው፣ ሞተሩ ከሩቁ አየር ይልቅ የቅርቡን ውሃ ይጎነጫል። ከፋብሪካ ተገጥመው የሚመጡ አንዳንድ ከፍ ያሉ አየር መሳቢያዎች ራሳቸው ለአቧራ ታስበው እንጂ ለውሃ ታሽገው አይደለም። አካሉ ላይ ብቻ የሚለጠፍ፣ ከበስተጀርባው ቀዳዳ እንኳ ያልተበሳለት የጌጥ ስኖርክልም ገበያ ላይ አለ፤ እሱን አልቆጥረውም።

ከሁሉ የሚዘነጋው ከፊልትሮው ቤት ሥር የምትንጠለጠል የዳክዬ ምንቃር የምትመስል ጎማ ናት። ሥራዋ የተጠራቀመ አቧራና ጠብታ ማራገፍ ነው። ደህና ስትሆን ሞተሩ ሲስብ ከንፈሯ ይገጥማል፤ በፀሐይና በዘይት ስትደርቅ ግን ትሰነጠቃለች፣ አንዳንዴም ወድቃ ቦታዋ ባዶ ይቀራል። ከንፈሯን በጣት ጫን ጫን ሲያደርጓት ለስላሳ ካልሆነች መለወጥ አለባት። ወንዝ የሚያዘወትሩ ሾፌሮች ከነጭራሹ ይደፍኗታል፤ ይህም ያስኬዳል፣ ግን ከዚያ ወዲያ የፊልትሮውን ቤት እየከፈቱ ማጽዳት የራሳቸው ዕዳ ነው።

ጥብቀቱን መፈተኛ ላብራቶሪ አያሻም። ሞተሩ ቆሞ በቀስታ ሲሠራ አንድ ሰው ጣራው ጋ ወጥቶ የስኖርክሉን አፍ ለአፍታ በመዳፉ ይገጥመዋል (ጨርቅና ፌስታል አይሆንም፣ ተስቦ ይገባል)፤ የኋላ ስንጥቅ ካለው ጭንቅላቱ ይነሳና ቱቦው ራሱ ይገጠማል። መጋጠሚያው ሁሉ ጥብቅ ከሆነ ሞተሩ ያቃስትና ሊጠፋ ይደርሳል። ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ ከሌላ ቦታ እየተነፈሰ ነው። የሚያፏጨውን ቦታ በጆሮ ተከትሎ ማግኘት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

ለነገሩ እኛ አገር ስኖርክል ውለታ የሚውለው ለውሃ ሳይሆን ለአቧራ ይመስለኛል። በአፋር በረሃ ተከታትለው ከሚሄዱ መኪኖች የኋለኛው ከጎማ አጠገብ የሚስበውን አየርና ከጣራ ላይ የሚስበውን ማነጻጸር ነው፤ ፊልትሮውን ከፍቶ ያየ ይመሰክራል። ደቡብ ኦሞ ላይ ግን ውሃው ይመጣል። ቱርሚ አጠገብ ያለው የካስኬ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ደግሞ በድንገት ይሞላል። እንዲህ ባለው ወንዝ ስኖርክል ያለው ሾፌር ይደፍራል፤ ድፍረቱ ነው የሚያስፈራኝ። ቶዮታ ለላንድክሩዘር የሚሰጠው የውሃ ጥልቀት 70 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሞተሩ ቢተነፍስም ዲናሞው ይረጥባል፣ የራዲያተሩ ቬንትሌተር ውሃ እየመታ ይጎብጣል፣ ጎርፉም መኪናውን ከመሬት ያነሳዋል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባም ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው በቱቦ ከፍ ካልተደረገ ውሃውን ይስብና ዘይቱ ወተት መስሎ ይወጣል።

ሞተሩ ወንዝ መሃል ከጠፋ ቁልፉን አለመንካት ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ቢየላውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ «እስቲ አንዴ» ተብሎ የሚመታው ሞተሪኖ ነው። መኪናው ይጎተትና የፊልትሮው ቤት ይከፈታል። ፊልትሮው ደረቅ ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ከረጠበ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈታሉ፣ ሞተሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ይዞራል፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ዘይቱና ፊልትሮዎቹ ይለወጣሉ፤ ሞተሪኖ የሚመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።