ከመጋዘን እስከ መጋዘን

የአቶም ቦምብ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ፍንዳታውን ነው። ቦምቡ የሚሠራበት ዩራኒየም ግን ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ማን ይጠብቀዋል? በዚህ ሳምንት ለማስረዳት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ከመሬት የሚወጣ ዩራኒየም ውስጥ ዩራኒየም 235 የሚባለው ከመቶ 0.7 ያህል ብቻ ነው። ለቦምብ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 90 ገደማ ሲደርስ ነው። ይህን ማጣራት ትልቅ ፋብሪካና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። የተጣራውን የሰረቀ ግን ከባዱን ሥራ ዘለለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ፣ ካዛክስታን ውስጥ ኡስት ካሜኖጎርስክ በሚገኘው የኡልባ ፋብሪካ 600 ኪሎ ግራም ያህል የተጣራ ዩራኒየም ቀርቶ ነበር። ከ20 ለሚበልጡ ቦምቦች ይበቃል። የመጋዘኑ በር የተቆለፈው በምን መሰላችሁ? በጓጉንቸር ቁልፍ! የእኛ ቤተ ሙከራ ዕቃ ቤት እንኳ ከዚህ የሚያንስ ቁልፍ የለውም።

የካዛክስታንና የአሜሪካ መንግሥታት ተስማምተው በ1994 መኸር 31 አሜሪካውያን ወደ ፋብሪካው ሄዱ። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን እየሠሩ ከ1,000 በላይ የነበሩትን ዕቃዎች ወደ 448 በርሜሎች አዛወሩ። ታዲያ ለምን አንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ አይከቱትም? እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። አንድ የዩራኒየም 235 አቶም ሲሰነጠቅ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነሱም ሌሎቹን ይሰነጥቃሉ። ብዙ ዩራኒየም አንድ ላይ ከተጠጋጋ፣ ቦምብ ባይሆንም፣ ሰንሰለቱ በራሱ ይነሳና በአጠገቡ ያለውን ሰው በጨረር ይገድላል። ውሃ ከገባበት ደግሞ ኒውትሮኖቹ ዝግ ስለሚሉ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ በየበርሜሉ ጥቂት ጥቂት ተደርጎ፣ ተራርቆ ይታሸጋል። በርሜሉ ከሌባ ብቻ ሳይሆን ዩራኒየሙን ከራሱም ይጠብቃል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። በርሜሎቹ በረዶ በያዘው መንገድ በካሚዮን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ተወሰዱ። ግዙፎቹ ሲ-5 አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ እየተቀበሉ፣ የትም ሳያርፉ ዴላዌር ደረሱ። በየመንገዱ ማረፍ ማለት በየቦታው አዲስ ዘበኛ፣ አዲስ አጥር መፈለግ ነውና። ከዚያ ጭነቱ በመኪና ቴነሲ ውስጥ ወዳለው ኦክ ሪጅ ገባ። ለሕዝብ የተነገረው ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ምስጢር መያዝ ብዙ ጊዜ ያስወቅሳል፤ እዚህ ላይ ግን እኛ የምንወቅስበት ምክንያት አላገኘንም።

ስለ እንዲህ ያለው ጭነት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ1980 ለፊርማ ቀርቦ በ1987 ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ በዋናነት የሚመለከተው ድንበር የሚሻገረውን ጭነት ነበር፤ በአገር ውስጥ ያለውን ማከማቻና ጉዞ እንዲጨምር በ2005 ተሻሻለ። ማሻሻያው የጸናው ግን በ2016 ነው፤ 11 ዓመት ፈጀ። ያም ሆኖ ስምምነቱ የሚገዛው ለሰላማዊ ተግባር የተመደበውን ነው። በጦር ሠራዊቶች እጅ ያለውን ጥበቃ እያንዳንዱ መንግሥት ራሱ ይወስናል።