ነጎድጓድ ሳይሰማ የሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ፦ የድምፅና የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ልዩነት



በክረምት ማታ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ተራራ ስንመለከት ሰማዩ በብልጭታ እየበራ ነጎድጓዱ ፈጽሞ የማይሰማበት ጊዜ አለ። በዚያው ሰዓት በመካከለኛ ሞገድ የተከፈተ ሬዲዮ ግን ብልጭ ባለ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሬዲዮው የተቀበለው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ብዙ ተማሪዎች «ድምፅ» ይሉኛል። ድምፅ ቢሆን ኖሮ እኛም በሰማነው ነበር፤ ያውም ዘግይቶ።

ድምፅ የቁስ አካል መገፋፋት ነው። መብረቅ አየሩን በቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግለዋል፤ የጋለው አየር በድንገት ሲለጠጥ አጠገቡ ያለውን ይገፋል፤ ያም ቀጣዩን። ግፊቱ ይጓዛል፤ አየሩ ግን እዚያው ይቀራል። የጣና ሞገድም ታንኳን ከፍ ዝቅ አድርጎ እንደሚያልፍ ልብ ይሏል። ውኃ ከሌለ የውኃ ሞገድ የለም፤ አየር ወይም ሌላ ቁስ ከሌለም ድምፅ የለም።

ብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ግን እንዲህ ያለ ተሸካሚ አይሹም። የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ የማግኔት መስክን ያስገኛል፤ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክም በተራው የኤሌክትሪክ መስክን። ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ባዶ ኅዋ አቋርጦ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰናል። ማክስዌል ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመበት ዘመን፣ እዚህ አጠገባችን ጋፋት ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ይሠሩ ነበር። ተሸካሚ የሌለው ሞገድ ለዘመኑ ሊቃውንትም አልዋጥ ብሏቸው «ኤተር» የሚባል ረቂቅ ነገር ኅዋን ሞልቷል አሉ። ማይክልሰንና ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 ምድር በዚህ ኤተር ውስጥ ስትጓዝ የሚታይ ምልክት ፈለጉ፤ አላገኙም።

የሞገድ ርዝመት ብቻውን ሁለቱን አይለይም። የኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ የወፍራም ወንድ ድምፅም እንዲሁ። የመጀመሪያው ግን በሴኮንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ፣ ሁለተኛው 110 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ፍጥነታቸውም 300,000 ኪሎ ሜትርና 340 ሜትር በሴኮንድ ነው።

የጉናው ነጎድጓድ ለምን ጠፋ? አየሩ ከፍ ሲል ስለሚቀዘቅዝ፣ ድምፅም በሞቃቱ አየር ስለሚፈጥን፣ ድምፁ ወደ ላይ እየታጠፈ ከጆሯችን በላይ ያልፋል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከራቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ብልጭታውና የሬዲዮው መንኮሻኮሽ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና አብረው ይደርሳሉ።

በዚህ ደጋ ከብት ለሚጠብቅ ልጅ የፍጥነቱ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቆጠራው ከ30 ሴኮንድ ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከሜዳ ወጥቶ ጠንካራ ቤት መግባት ይገባል፤ የዛፍ ሥር መጠለያ አይደለም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይወጡ መቆየት ያስፈልጋል።