ጭቃው ከደጅ ይቅር፤ ለገጠር እናቶችና ቤተ ሰቦች የክረምት ምክር

ክረምት የበረከት ወራት ነው። ዝናም ባይዘንም እህል አይበቅልም፤ ከብት ሣር አያገኝም፤ ምንጭም ይነጥፋል። ስለዚህ ዝናምን የሚጠላ ገበሬ የለም። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙ ሳያባራ ሲሰነብት መንገዱ ይላቁጣል፤ ደጁ ይቦካል፤ በደጋውም አገር በረዶ እየወረደ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። ጭቃውም በሰውና በከብት እግር እየተመላለሰ ከደጅ ወደ ቤት፣ ከወለል ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁም ወደ አፉ ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህን ጉዞ በምን ዘዴ ከደጅ ላይ ለማስቀረት እንደሚቻል ነው።

«አባቶቻችን በጭቃ ውስጥ አልኖሩም ወይ? እነሱ ምን ሆኑ?» የምትል እናት አትጠፋም። እውነት ነው፤ ኖረዋል። ግን ስንቱ ሕፃን በተቅማጥ እንደ ተቀጠፈ፣ ስንቱ ሰው እግሩ አብጦ ከማኅበርና ከሠርግ ቤት እንደ ቀረ እሱንም ማስታወስ ይገባል። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፤ ዛሬ ታውቋል። ምክንያቱ ከታወቀ መከላከያው ከእጃችን ነው።

በጭቃ ውስጥ ምን አለ?

ጭቃ አፈርና ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልብስ ከማቆሸሽ በቀር ብዙ ባልጎዳ ነበር። ዳሩ ግን ጎርፉ ሲወርድ በየጓሮውና በየአጥሩ ሥር የተጣለውን የሰው ዐይነ ምድር፣ የከብቱን እበትና ሽንት፣ የቤቱን ጥራጊ ሁሉ አጥቦ አምጥቶ ከደጃችን ያከማቸዋል። ስለዚህ በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚከተሉት ጠላቶች ይገኛሉ።

1ኛ/ የወስፋት ዕንቁላል። በዓይን አይታይም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ልጁ በጭቃ ሲጫወት በጥፍሩ ሥር ይገባል፤ በዚያው እጁ ቆሎ ሲቆረጥም ይውጠዋል። እንዲሁም በቆላና በወይና ደጋ እርጥብ አፈር ውስጥ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ሰርስሮ የሚገባ፣ ከአንጀት ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ።

2ኛ/ የተቅማጥ ጀርም። ይህ በእጅ፣ በዝንብና በደፈረሰ ውሃ ይተላለፋል። ሕፃናትን በክረምት ከሚያሰቃዩት በሽታዎች አንደኛው ተቅማጥ ነው።

3ኛ/ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም። ይህ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ እሾህ በወጋው፣ ድንጋይ በቀደደው እግር ይገባል። በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ እበት ወይም ጭቃ የተደረገ እንደ ሆነ ሕፃኑን ይገድለዋል። ስለዚህ እትብት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አይደረግም። እርጉዝ ሴትም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ትከተብ።

4ኛ/ ራሱ አፈሩ። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለ ሆነ ዘርዘር አድርገን እንነግራችኋለን።

እግር የሚያሳብጠው ቀይ አፈር

በጎጃም፣ በወላይታና በሌሎችም ቀይ አፈር ባለባቸው የደጋና የወይና ደጋ አገሮች ዝሆኔ የሚባል የእግር እብጠት አለ። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ዝሆኔ እንዳለ የታወቀ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው፤ በትንኝ አይመጣም። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራው ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ቅንጣት አለው። ሰው ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ ሲሄድበት ቅንጣቱ በቆዳው እየሰረገ በውስጥ ያሉትን የፈሳሽ መተላለፊያዎች ያስቆጣል፤ ይደፍናቸውማል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መርምሮ አስረዳ። በሕክምና ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከግሪክ የእግርና የአቧራ ስም የተወሰደ ነው። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ እንደ ታመመ ይገመታል።

አስተውሉ፤ ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከበሽተኛው ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም። በአንዳንድ ቤተ ሰብ ቆዳው ለዚህ አፈር የተጋለጠ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ የበሽተኛ ልጅ አይታመምም። ስለዚህ «የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ እግር አለባቸው» እያሉ ልጃገረድን ከትዳር ማስቀረት ግፍ ነው። ለልጅቱ የሚያስፈልጋት ጫማና ሳሙና ነው።

የበሽታው መጀመሪያ እግርን ማሳከክና ማቃጠል፣ ማታ ማታ እብጥ ብሎ ጧት መልሶ መሟሸሽ ነው። በዚህ ጊዜ እግርን በየቀኑ መታጠብና ጫማ ማድረግ ከተጀመረ በሽታው ሊገታ ይችላል። ካበጠም በኋላ ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም። በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ሲቀመጡም እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ጤና ጣቢያ እንዳሳዩት በፋሻ እየጠቀለሉ ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ሲነሣበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው እንጂ መብጣት ወይም መተኮስ አይበጅም።

የእንግዳ እግርና የልጅ እግር

በአገራችን እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ውሃ አሙቆ እግሩን ማጠብ የቆየ ወግ ነው። አባወራውም ከእርሻ ሲመለስ ልጅ ወይም ሚስት እግሩን ታጥበዋለች። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ አይጥፋ። ግን እስቲ ልብ እንበል፤ ቀኑን ሙሉ ከጥጃና ከበግ ኋላ በጭቃ ሲሮጥ የዋለው ልጅ እግሩን ማን አጠበው? እንደ ነበረ መደብ ላይ ወጥቶ አልተኛም ወይ? ከወንዝ እንስራ ተሸክማ ሦስት ጊዜ የተመላለሰችው እናትስ? የሁሉን እግር አጥባ የራስዋን ሳትታጠብ የምታድረው እሷ ናት። ከቤቱ ሰው ሁሉ ብዙ ጭቃ የረገጠችው ግን እሷው ናት።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ ማታ እግሩን ሳይታጠብ የሚተኛ ሰው በቤቱ አይኑር፤ እናትም ብትሆን። ለሁሉ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ከራት ማብሰያው እሳት ላይ ይጣድ። አንዱ በታጠበበት ውሃ ሌላው አይታጠብ፤ እያፈሰሱ መታጠብ ይሻላል። ሳሙና ቢጠፋ እንኳ እግር በውሃ ታጥቦ ይደር። ከታጠቡም በኋላ በጣቶቹ መካከል በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የቀረ ጣት ይላጣል፤ ይቆስላል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ቫዝሊን ይቀባ፤ ለአፈርና ለጀርም በር ነውና።

ስለ ጫማም አንድ ነገር እንናገር። ብዙ ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ ጫማውን በእጁ ወይም በዱላው ላይ አንጠልጥሎ ጭቃውን በባዶ እግሩ ይሻገራል፤ ከተማው ዳር ሲደርስ ታጥቦ ያደርገዋል። «ጫማው እንዳያልቅብኝ ነው» ይላል። ጫማ የተሠራው እግርን ለመጠበቅ ነው እንጂ እግር ለጫማ ሲል ጭቃ እንዲገባ አይደለም። የላስቲክ ቦቲ ቢገኝ ለክረምት ዋናው እሱ ነው፤ ባይገኝ ኮንጎ ጫማም ከባዶ እግር በብዙ ይሻላል። ገንዘብ ሲጠር በመጀመሪያ ከብት ለሚጠብቀው ልጅና ውሃ ለሚቀዳው ይገዛ። ጫማው ማታ ይታጠብና ከምድጃው ራቅ ብሎ ይድረቅ።

የደጁ ሥራ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ይህን ሥራ በግንቦት፣ ምድሩ ሳይርስ መጀመር መልካም ነው። በክረምትም መካከል ቢሆን ዝናሙ ባባራ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። አባወራው ያግዝ፤ የሴት ሥራ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ከቤቱ በላይ በኩል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፤ ጎርፉ ወደ ደጅ ሳይመጣ በጎን እንዲያልፍ። ከክፍክፉ የሚንጠባጠበውም ውሃ መሄጃ ይበጅለት። ቀጥሎ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ድረስ እግር የሚረገጥበትን ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ በመካከሉም ጠጠር አድርጉ። ገለባ መጎዝጎዝ ለአንድ ሁለት ቀን ይረዳል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚበሰብስና ዝንብ ስለሚያራባ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ደፉም ከደጁ አፈር ከፍ ይበል።

ከደፉ አጠገብ ሦስት ነገሮች አኑሩ፤ ጭቃ መፋቂያ ሹል ድንጋይ ወይም እንጨት፣ እግር መጥረጊያ አሮጌ ጆንያ፣ ውሃ ያለበት ጀሪካን ከነሳሙናው። ሳሙና ሲጠፋ ለእጅ አመድ ይተካል። የሚገባ ሁሉ እዚያው ይፋቅ፣ ይታጠብ። ልጆች በሁለት ሳምንት ይለምዱታል፤ እንዲያውም የረሳውን አባታቸውን የሚያስታውሱት እነሱ ይሆናሉ።

ከብት በቤት ውስጥ የሚያድር እንደ ሆነ ጋጣው ለብቻው ይከለል፤ ቢቻል በሩም በሌላ ወገን ይሁን። እበቱ ጧት ጧት ተጠርጎ ከቤትና ከውሃ በራቀ ጉድጓድ ይጠራቀም፤ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ስለ በረዶና ብርድ

በቋንቋችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ በራስ ደጀን ራስ ላይ ከ4500 ሜትር በላይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰውም በረዶ ይባላል። ለቤተ ሰብ የሚያሰጋው የመጀመሪያው ነው። እረኛ ልጆች በረዶ ሲያጉረመርም ከብቱን ትተው እንዲጠለሉ ንገሯቸው፤ ግን ከብቸኛ ዛፍ ሥር አይቁሙ፤ መብረቅ ይወርዳልና። ገሳ ወይም ላስቲክ ሳይዙ አይሂዱ።

ልብሱ የራሰ ልጅ መጀመሪያ እርጥቡን ማውለቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጋቢ መደረብ፣ ከዚያ ትኩስ ነገር መጠጣት አለበት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብርድ ቶሎ ይጎዳዋል፤ በመጀመሪያው ቀን አይታጠብ። ከእናቱ ገላ ጋር ገላ ለገላ ተጣብቆ፣ ከላይ ተሸፍኖ፣ ጡት እየጠባ ይሙቅ። ከዚህ የሚበልጥ ማሞቂያ የለም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ግን ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለውምና ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

በብርድ ጊዜ ልብስ ተደራርቦ ሳይታጠብ ስለሚከርም ቅማል ይበዛል። በልብስ ቅማል ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ይተላለፋሉ። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ አይገባም፤ በሽታው ከፈረጠው ቅማል ወደ ተቧጨረ ገላ ይገባል። ልብሱን በፈላ ውሃ መቀቀል ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥርም ስፌቱን ገልብጦ ማስጣት ይጠቅማል።

ውሃና መጸዳጃ

የክረምት ውሃ ሲደፈርስ በእንስራ አጠልሎ፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ ማፍላት ያስፈልጋል። በደጋ አገር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ወደ ቁልቁሉ ይቆፈር። ጎርፍ እንዳይገባው አፉ በድንጋይና በአፈር ከፍ ተደርጎ ዙሪያው ቦይ ይበጅለት። የሕፃን ዐይነ ምድርም ወደዚያው ይጣል፤ «የሕፃን ነው፤ ምን ያደርጋል» አይባልም፤ በሽታ እንደ አዋቂው ያመጣል።

እናቶች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም፤ አትጨነቁ። ዛሬ ማታ ከአንድ ነገር ጀምሩ፤ ውሃ አሙቁና የልጆቻችሁን እግር እጠቡ። በመጨረሻም እናንተ ተቀመጡ፤ ከልጆቻችሁ አንዱ የእናንተን ይጠብ። ነገ ደግሞ ከደፉ አጠገብ ድንጋዩ ይነጠፍ። ዝናሙ እንደ ወትሮው ይዘንባል፤ ጭቃው ግን ከደጅ ይቀራል።