ከዳሪን ዳርቻ የመጡ መጻሕፍት

ባለፈው የጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ወደ ገዳማችን ከመጡት ምእመናን መካከል በኾበር ከተማ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ያገለገለች አንዲት እኅት ነበረች። ሱባኤዋን ፈጽማ ልትሰናበት ስትመጣ፥ «አባቴ፥ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ጸሎቴን የማደርሰው ሌሊት በክፍሌ፥ ድምፅ ሳላሰማ ነው። ከእኛ በፊት በዚያ ባሕር ዳር እንዲህ የጸለየ ሰው ኖሮ ያውቅ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል የምመልሰው መስሎኝ ነበር። መልሱ ግን ረጅም ሆነ፤ በማኅበር ማዕዳችን ላይ ወደሚነበቡት መጻሕፍትም መልሶ አመጣን።

ዳማምና ኾበር ዛሬ የነዳጅ ዘይት ከተሞች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የዓሣ አጥማጆችና የዕንቁ ጠላቂዎች ትንንሽ መንደሮች ነበሩ፤ ነገሩን ሁሉ የለወጠው በ1938 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ዳማም ቁጥር 7» ከተባለው ጉድጓድ ዘይት በብዛት መፍለቁ ነው። ዳርቻው ራሱ ግን እጅግ ጥንታዊ ነው። የሱመር ሰዎች ዲልሙን ብለው የጻፉለት የንግድ አገር ይህንኑ የባሕር ጠረፍና የባሕሬንን ደሴቶች ያጠቃልል ነበር። የግሪኩ የምድር ታሪክ ጸሐፊ ስትራቦን ደግሞ በዚህ ወገን ጌራ የምትባል የዕጣን ነጋዴዎች ከተማ እንደ ነበረች፥ ሰዎቿም ከጨው በተሠሩ ቤቶች ይኖሩ እንደ ነበር ጽፏል።

ለእኅታችን ጥያቄ የሚበቃው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሶርያውያን ጸሐፍት ይህን ዳርቻ ከነደሴቶቹ «ቤት ቀጥራዬ»፥ ማለትም የቀጠር ሰዎች አገር ይሉት ነበር። «ቤት» የሚለው ቃል በእነርሱም ቋንቋ እንደ እኛው ቤት ነው። በዚያ ምእመናን፥ ካህናት፥ መነኮሳትና ጳጳሳት ነበሩ። ከዳማም ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፥ በጁበይል አቅራቢያ፥ በ1980ዎቹ ከአሸዋ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ተገኝቷል። ከዳማም በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው በታሩት ደሴት ላይ ያለችው ዳሪን ደግሞ፥ ዐረቦች ከህንድ በሚመጣው ምስኳ ሽቱ የሚያውቋት ወደብ፥ የጉባኤ ከተማ ነበረች። በ676 ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ወደዚያ ተሻግሮ ከአካባቢው ጳጳሳት ጋር ሲኖዶስ አድርጓል።

የዚያ ጉባኤ ቀኖናዎች ዛሬ ሲነበቡ የሕዝቡ ኑሮ በዐይን ይታያል። ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት የሚሄዱትን ይገሥጻሉ። ሙታንን በውድ ልብስ ገንዞ፥ እንደ አረማውያን በታላቅ ዋይታ መቅበርን ይከለክላሉ። ይህ ተግሣጽ ለእኛ ለቅሶ ቤቶችም እንግዳ አይመስለኝም! ጉባኤው የተደረገው እስልምና በዳርቻው ከገባ በኋላ ነው። በቀጣዮቹ ዘመናት ክርስትናው ቀስ በቀስ ከሰመ፤ ሕዝቡም ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሆነ፤ አብያተ ክርስቲያኑን አሸዋ ሸፈናቸው።

ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ በዚያው ዘመን ከቤት ቀጥራዬ ተወላጆች መካከል አንድ መናኝ መርጦ በቤት ዓቤ ገዳም የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ስሙ ይስሐቅ ነው። እኛ «ማር ይስሐቅ» የምንለው እርሱ ነው። ብዙ ምእመናን «ማር» ሲባል ንብ የምትሠራው ማር ይመስላቸዋል፤ በሶርያ ቋንቋ ግን «ጌታዬ» ማለት ነው፥ ለጳጳሳትና ለቅዱሳን የሚሰጥ የክብር ስም። በትውፊት እንደሚነገረው፥ በተሾመበት ዕለት አበዳሪና ተበዳሪ ለፍርድ ቀረቡ። እርሱ ስለ ምሕረት የወንጌሉን ቃል ቢጠቅስ አበዳሪው «ወንጌሉን ለአሁን ተወው» አለው። ይስሐቅም ወንጌል ካልተሰማ የእርሱ በዚያ መቀመጥ ምን እንደሚረባ ራሱን ጠየቀ። አምስት ወር ብቻ ቆይቶ መንበሩን ተወ፤ ወደ ፋርስ ወገን ተራሮች ገብቶ ከባሕታውያን ጋር ኖረ። በመጨረሻም በራባን ሻቡር ገዳም ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዐይኑ ታወረ፤ ደቀ መዛሙርቱ የሚጽፉለት በቃሉ እየነገራቸው ሆነ።

መጽሐፉን ያጠኑ ወንድሞች እንደሚያውቁት፥ ማር ይስሐቅ ስለ መርከበኛ፥ ስለ ማዕበል፥ ስለ ወደብ፥ ሌሊት ኮከብ አይቶ ስለሚቀዝፍ ሰው አብዝቶ ይናገራል። መነኩሴንም ዕንቈ ባሕርይ ፍለጋ ራቁቱን ወደ ባሕር ከሚጠልቅ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። እኔ በወጣትነቴ ይህን ስማር ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና መምህሬ በገበታ ውኃ ላይ ቅል እያንሳፈፉ ያስረዱኝ ነበር። የቤት ቀጥራዬ ልጅ ግን ይህን ከሌላ መጽሐፍ አልቀዳውም። በዚያ ዳርቻ ጠላቂዎች አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው፥ በእግራቸው ድንጋይ አስረው ይወርዳሉ፤ ትንፋሻቸው ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃሉ፥ በጀልባው ያለው ባልንጀራቸውም ይጎትታቸዋል። ይህ ሥራ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አልተቋረጠም። ስለዚህ ምሳሌው የሚያመለክተው ዕርቃንን ብቻ አይመስለኝም፤ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሰው ገመድ የሚይዝለት ወንድም ያስፈልገዋል።

የማር ይስሐቅ ቃል ከሶርያ ቋንቋ ወደ ግሪክ በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው በማር ሳባ ገዳም ተተረጎመ። ወደ ዐረብኛም ተመልሶ፥ ከዐረብኛው ወደ ግእዝ መጣ፤ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆነ። ከሦስቱ «አረጋዊ መንፈሳዊ» ከሰሜን ኢራቅ ተራሮች የመጣ ነው። ስለ «ፊልክስዩስ» ግን ጥቂት ልቆይ።

ፊልክስዩስ በ523 ያረፈው የመንቡግ ኤጲስ ቆጶስ ስም ነው፤ መጽሐፉም በእርሱ ስም ይጠራል። የሶርያን መጻሕፍት የመረመሩ ሊቃውንት ግን፥ ወንድሞች እየጠየቁ አረጋዊው የሚመልስበት ይህ መጽሐፍ፥ በግብፅ በረሃ አበው ዜና ላይ ዳዲሾ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ትርጓሜ መሆኑን አረጋግጠዋል። ዳዲሾም የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው፥ እንደ ይስሐቅ የቤት ቀጥራዬ ተወላጅ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ የተገኙት ከዚያ ዳርቻ ልጆች ነው፤ አንደኛው ግን ስሙን በመንገድ ጥሏል።

ለምን ጣለ? ሁለቱም የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ንስጥሮሳዊት የምንላት፥ በሃይማኖት ከእኛ የተለየች። ስሙ የተለወጠው መጽሐፉ በሌሎች ገዳማት እንዲነበብ ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። ይህን መጻፌ አንዳንድ አባቶችን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ። የእምነቱን ልዩነት አላቀልለውም። ነገር ግን የተረጎሙልን አበው ስለ ትዕግሥት፥ ስለ ዕንባና ስለ ጸጥታ የተጻፈውን ቀስመው ተቀብለዋል፤ የደከመበትን ሰው በስሙ ማወቅ ሃይማኖታችንን የሚያናጋ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሕዝብ አልቆ ቃሉ በሩቅ ሰው እጅ መቅረቱ በቤት ቀጥራዬ ብቻ አልደረሰም። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ገላትያ ስሟን ያገኘችው ከጥንታውያን ኬልቶች ነው። ከአውሮፓ ተነሥተው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በታናሽ እስያ የሰፈሩ ናቸው። የኬልቶች ካህናት ትምህርታቸውን በቃል እንጂ በጽሕፈት አያኖሩም ነበርና ከእነርሱ የቀረው ጥቂት ነው። በአየርላንድ የነበሩት ወገኖቻቸው ግን ክርስትናን ተቀብለው ገዳማት ሠሩ፤ የአባቶቻቸውን የቀድሞ ዜና በብራና የጻፉት እነዚያው መነኮሳት ናቸው። የግብፅን አበው አብነት በማድረግም ከዳሪን መነኮሳት ጋር፥ ሳይተዋወቁ፥ አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ።

ለእኅታችን ይህን ሁሉ አልነገርኋትም፤ የነገርኋት ስለ ታሩትና ስለ ማር ይስሐቅ ነው። ዝም ብላ ከሰማች በኋላ፥ «የታሩትን ግንብ አውቀዋለሁ አባቴ። ዓርብ ዓርብ የማሳድጋቸውን ልጆች ይዘን እንሄድ ነበር» አለችኝ። በአማርኛ ትርጓሜ የታተመውን ማር ይስሐቅ ገዝታ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስመ ክርስትናዋን ጻፈችበት። በመስከረም ወደ ኾበር ስትመለስ ግን በፍተሻ እንዳይወሰድባት ፈርታ እኔ ዘንድ አኖረችው።