ከካልጋሪ ውርጭ ወደ ሞቃት ባሕር፦ የእረፍት መዳረሻ እንዴት ይመረጣል?

በካናዳ ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የዋይትሆርን ሰፈር፣ በበረዶው ወቅት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። ያኔ ብዙዎች ሞቃት ባሕር ያምራቸዋል።

ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ምርጫው ቀላል አይደለም። ወላጆች አገር ቤት ዘመድ መጠየቅ ይሻሉ፤ ልጆች ባሕርና የዱር አራዊት ማየት ይመኛሉ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ሁለቱን ማጣመር ሌላ አገር መጨመር ማለት ነው። ታዲያ ከምን ይጀመራል?

ከቦታው በፊት ወሩ

ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚጓዙት በአብዛኛው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ይልቅ የቀን መቁጠሪያን ማስቀደም ይበጃል።

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በዲሴምበር መጨረሻና በጃንዋሪ ኢትዮጵያ በጋ ላይ ናት። የታንዛንያዋ ዛንዚባርም በዚህ ጊዜ ሞቃትና በአብዛኛው ደረቅ ናት። ዘመድ ጥየቃንና ባሕርን ለማጣመር ይህ ምቹ ወቅት ነው።

ጁላይና ኦገስት ላይ ኢትዮጵያ ክረምት ስለሚሆን በተራሮቿ የእግር ጉዞ ማድረግ ያዳግታል። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ግን ደረቅና ነፋሻማ ነው። በኬንያው ማሳይ ማራ የሚፈልሱትን የዱር እንስሳት መንጋዎች ለማየትም ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

በማርች መጨረሻ በዛንዚባር ረጅሙ ዝናብ ይጀምራል። በዚህ የአጭር እረፍት ጊዜ ለካልጋሪ ነዋሪ የሜክሲኮው ፖርቶ ቫያርታ ይቀርባል። በባንዴራስ ባሕረ ሰላጤ ከዲሴምበር እስከ ማርች ሃምፕባክ የተሰኙት ግዙፍ ዓሣ ነባሪዎች ይታያሉ። በካሪቢያን በኩል ባለው ካንኩን ግን በጸደይና በበጋ ሳርጋሰም የተባለው የባሕር አረም ዳርቻውን የሚያለብስበት ጊዜ አለ።

አራዊትና ባሕር

በኢትዮጵያ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚኖረው በዚያ ነው። የደጋ አጋዘንም መኖሪያው ነው። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ 1,045 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ካልጋሪ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት ቢቆይ ሰውነቱ ከፍታውን ይለምዳል።

ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚታዩበት የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ይሁንና በአማራ ክልል በ2023 የተቀሰቀሰው ግጭት ጉዞውን አደገኛ አድርጎታል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የካናዳ መንግሥትን የጉዞ ማሳሰቢያ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች፣ መንግሥት ‘አትሂዱ’ ባለበት ቦታ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም።

በዛንዚባር የጆዛኒ ደን በዓለም ላይ በዚህ ደሴት አካባቢ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ጉሬዛ ያስጎበኛል። ባሕሩን በተመለከተ ግን የዳርቻው ምርጫ ወሳኝ ነው። በምሥራቁ ፓጄ ባሕሩ በየዕለቱ ሲጎድል ውሃው እጅግ ርቆ ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ለሚሹ ሰሜኖቹ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ።

ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ‘ቢጫ ካርድ’ ሲባሉ ያለ ቪዛ የሚያስገባቸውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያስባሉ። ዛንዚባር የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት።

ታንዛንያ ወረቀቱን የምትጠይቀው የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገራት የሚመጡትን ነው። ካናዳ ከእነዚህ ውስጥ የለችም፤ ኢትዮጵያ ግን አለችበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ ወደ ዛንዚባር የሚሻገር ካናዳዊ ወረቀቱ ያስፈልገዋል። ክትባቱ ተቀባይነት የሚኖረው ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚዎች የራሷን የጉዞ መድን በ44 ዶላር እንዲገዙም ታስገድዳለች።

‘ወባን እናውቃታለን’

ከሁሉ የከፋው ስህተት በወባ ላይ የሚደረገው ቸልተኝነት ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው የነበረው ከፊል የመከላከል አቅም በውጭ አገር ሲኖር ይመነምናል። ካናዳ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ጭራሹን የላቸውም። ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ተጓዦች ከሌሎች ቱሪስቶች ይልቅ ለወባ የሚጋለጡት፣ አገሩን እናውቀዋለን በሚል መከላከያ መድኃኒት ባለመውሰዳቸው ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ ይጠብቃታል። ከ2,500 ሜትር በታች ባሉ የኢትዮጵያ አካባቢዎች፣ በማሳይ ማራም ሆነ በዛንዚባር ግን ጥንቃቄ ያሻል።

በመሆኑም ከጉዞው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ጉዞ ጤና ክሊኒክ መሄድና የሚታለፉባቸውን አገራት በሙሉ በቅደም ተከተል መናገር ይመከራል። ከተመለሱ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉ እንኳ፣ ትኩሳት ከተሰማ በዚያው ቀን መታከምና የት እንደነበሩ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ወባ ሳይዘገይ ከተደረሰበት ይድናል፤ በካልጋሪ ብርድ መካከል ግን ጉንፋን ሊመስል ይችላል።