የጆይስ ሃቶ ቀረጻዎች

ጆይስ ሃቶ (1928 – 2006) እንግሊዛዊት የፒያኖ ተጫዋች ስትሆን፣ በሕይወቷ የመጨረሻ ዓመታት በስሟ የወጡ ከ100 የሚበልጡ ሲዲዎች በክላሲካል ሙዚቃ ሐያስያን ዘንድ ከፍተኛ ውዳሴ አግኝተው ነበር። ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2007፣ በሲዲዎቹ ላይ የሚሰማው አጨዋወት የሌሎች ፒያኒስቶች መሆኑ ታወቀ። ጉዳዩ በሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ውስጥ በስፋት ከሚታወቁት ማጭበርበሮች አንዱ ነው። ሐያሲ አንድን ቀረጻ ሲያወድስ የሚያወድሰው ጆሮው የሰማውን ነው ወይስ ሽፋኑ ላይ ያነበበውን የሚል ክርክርም አስነሥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕይወት

ሃቶ የተወለደችው በለንደን ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ መድረኮች ትጫወት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያስቀረጸቻቸውም የራሷ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1970 ከጊልፎርድ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተችው የአርኖልድ ባክስ ሲምፎኒክ ቫርዬሽንስ ነው። በ1956 ያገባችው ዊልያም ባሪንግተን-ኩፕ ሸክላ በማሳተም ሥራ ይተዳደር ነበር፤ በ1966 በግብር ማጭበርበር ተፈርዶበታል። በ1970ዎቹ ሃቶ መድረክ ተወች፤ ለዚህም የተሰጠው ምክንያት የካንሰር ሕመም ነው።

ውዳሴው

በክላሲካል ሙዚቃ የቀረጻ ሐያሲ በዋናነት የሚመዝነው ድርሰቱን ሳይሆን አጨዋወቱን ነው። የሾፓን ማዙርካዎች በብዙ ፒያኒስቶች ተቀርጸዋል። ኖታው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በፍጥነት፣ በጣት ክብደት፣ በፔዳል አጠቃቀምና አንድን ሐረግ በማዘግየት ወይም በማፍጠን ነው። እነዚህን ጥቃቅን ልዩነቶች ሁሉም ገዢ አወዳድሮ መስማት ስለማይችል፣ ሐያሲው የሚጽፈው ምስክርነት የአንድን ተጫዋች ስም ሊያነሣም ሊቀብርም ይችላል።

የባሪንግተን-ኩፕ «ኮንሰርት አርቲስት» የተባለው አሳታሚ በሃቶ ስም ያወጣቸው ሲዲዎች ባኽን፣ ሞዛርትን፣ ቤትሆቨንን፣ ሾፓንን፣ ሊስትንና ራኽማኒኖቭን ጨምሮ ለፒያኖ ከተጻፉ ዋና ዋና ሥራዎች ብዙዎቹን ይዘው ነበር። አንድ ፒያኒስት በዕድሜ ልኩ ይህን ያህል መቅረጹ ብርቅ ነው፤ እሷ ግን ይህን ያደረገችው በእርጅናዋ፣ ታማ፣ ሰው ሳያያት ነው ተባለ። ዝናው መጀመሪያ በኢንተርኔት በሚወያዩ ሲዲ ሰብሳቢዎች መካከል ተዛመተ፤ ቀጥሎም የታወቁ ሐያስያን ተቀበሉት። በ2005 የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ሐያሲ በሕይወት ካሉት ፒያኒስቶች ሁሉ የላቀች፣ ነገር ግን ማንም የማያውቃት አድርጎ አቀረባት። «ግራሞፎን» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔትም አድናቆት ተጻፈላት።

የተጠራጠሩም ነበሩ። ከኦርኬስትራ ጋር በተቀረጹት ኮንቸርቶዎች ላይ መሪው ሬኔ ኮኽለር ይባላል፤ ይህን ሰው ግን ከእነዚህ ሲዲዎች ውጭ የሚያውቀው አልተገኘም። ከሁሉም የሚገርመው፣ አጨዋወቷ ከአንዱ አቀናባሪ ወደ ሌላው ፈጽሞ መለዋወጡ እንደ ታላቅ ችሎታ መቆጠሩ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ተጫዋቾቹ ብዙ መሆናቸውን የሚያሳየው ትልቁ ምልክት ይኸው ነበር።

እንዴት እንደታወቀ

በ2007 መጀመሪያ ላይ አንድ አድማጭ በሃቶ ስም የወጣውን የሊስት 12 ትራንሰንደንታል ኤቱዶች ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። አይቲዩንስ የተባለው ፕሮግራም የተጫዋቹን ስም «ላስሎ ሲሞን» ብሎ አሳየው። የሲሞን ሲዲ የታተመው «ቢስ» በተባለ የስዊድን ኩባንያ ነው።

ፕሮግራሙ ሙዚቃውን አላዳመጠም። የሙዚቃ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ርዕስ ወይም የተጫዋች ስም የለውም፤ ያለው እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምርበትን ቦታ የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ቦታው የሚለካው አንድን ሰከንድ ለ75 በመክፈል ነው። አይቲዩንስ ይህን የቁጥር ዝርዝር ግሬስኖት ወደተባለው የመረጃ ቋት ይልካል፤ ቋቱም የሚመሳሰለውን ሲዲ ስም ይመልሳል። ሁለት ፒያኒስቶች 12 ኤቱዶችን ለየብቻቸው ተጫውተው ርዝመታቸው በዚህ ደረጃ ሊመሳሰል አይችልም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ አጭበርባሪውን ያጋለጠው ለዚህ ሥራ ያልታሰበ፣ የሰውን የመጻፍ ድካም ለማቃለል ብቻ የተሠራ አገልግሎት ነው።

አድማጩ ለአንድ የግራሞፎን ሐያሲ ነገረው። ሐያሲው በሃቶ ስም የወጣውን የራኽማኒኖቭ 2ኛና 3ኛ ኮንቸርቶ ሲዲ ሲሞክር ደግሞ የየፊም ብሮንፍማን ስም መጣ፤ የኦርኬስትራው መሪ ኤሳ-ፔካ ሳሎነን ነበር። የድምፅ ባለሙያው አንድሪው ሮዝ የድምፅ ሞገዶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሲመረምር፣ ከ12ቱ ኤቱዶች 10ሩ ከሲሞን ጋር አንድ ሆኑ። አንዳንድ ቀረጻዎች እንዳይታወቁ ፍጥነታቸው ተለውጦ ነበር። ካርሎ ግራንቴ ከተጫወታቸው የጎዶቭስኪ ሥራዎች አንዱ ከ15 በመቶ በላይ ተለጥጦ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን የሲዲው ሰንጠረዥ አያጋልጠውም፤ ሞገዱን ማየት ግድ ነው።

በዚያው ሰሞን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሆሎዌይ ኒኮላስ ኩክና ክሬግ ሳፕ የማዙርካ ቀረጻዎችን ምት በምት እየለኩ ያወዳድሩ ነበር። በሃቶ ስም የወጣው ልኬት ከዩጂን ኢንጂች ቀረጻ ጋር ተገጣጠመባቸው። ያው ፒያኒስት አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ቢጫወት እንኳ እንዲህ አይገጥምም።

ሐያስያኑ ምን ሰሙ?

በራኽማኒኖቭ 3ኛ ኮንቸርቶ ላይ የሆነው ብዙ ይነገራል። ቀረጻው በብሮንፍማን ስም ሲወጣ አንድ የግራሞፎን ሐያሲ ቀዝቀዝ ያለ ሂስ ጽፎበት ነበር። ያንኑ ቀረጻ ከዓመታት በኋላ በሃቶ ስም ሲያገኘው ከምርጦቹ ተርታ መደበው። የሕመምተኛዋ አሮጊት ታሪክ አብሮ እንደተደመጠ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሆኖም ሐያስያኑ ጆሮ አልነበራቸውም ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። የተወደሱት አብዛኞቹ ቀረጻዎች በእርግጥም ግሩም ናቸው፤ የተሳሳተው ስሙ ነው። ዋናው ጉዳትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ላስሎ ሲሞንና ኢንጂች በራሳቸው ስም ያላገኙትን ትኩረት ሥራቸው በሌላ ሰው ስም አገኘ፤ ቀረጻቸው ሲወደስም እነሱ አልተጠሩም።

ከዚያ በኋላ

ባሪንግተን-ኩፕ መጀመሪያ ካደ፤ ከዚያ ለቢስ ኩባንያ ኃላፊ ለሮበርት ፎን ባር በጻፈው ደብዳቤ አመነ። ሃቶ ስትጫወት በሕመም ታቃስት እንደነበርና ድምፁን ለመሸፈን ከሌሎች ቀረጻ አጫጭር ቁራጮችን መጨመር እንደጀመረ፣ ቁራጮቹም እየረዘሙ እንደሄዱ ገለጸ። እሷ አታውቅም ነበር ብሏል። ፎን ባር ክስ አልመሠረተም። በ2012 ቢቢሲ በታሪኩ ላይ የተመሠረተ የቴሌቪዥን ፊልም አቀረበ፤ ባሪንግተን-ኩፕ በ2014 ሞተ።

ያ ሁሉ የተጻፈለትን አጨዋወት መስማት የሚፈልግ ሰው የሊስትን ኤቱዶች በላስሎ ሲሞን፣ የሾፓንን ማዙርካዎች በዩጂን ኢንጂች፣ የራኽማኒኖቭን ኮንቸርቶዎች በየፊም ብሮንፍማን ስም መፈለግ ይችላል።