የወረቀቱ ቁጥር የክብር ማዕረግ አይደለም

ፎቶግራፍ በጨለማ ክፍል ማተም ከሚማሩ ወጣቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት፣ ባረምሁትም ቁጥር እንደ ገና የሚያቆጠቁጥ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም በጥቁርና ነጭ ወረቀት ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር እንደ ጤፍና እንደ ቡና የጥራት ደረጃ ነው፣ 1 ምርጡ፣ 5 መናኛው ነው የሚለው ነው። ጥፋቱ ግን «ግሬድ»ን «ደረጃ» ብለን የተረጎምነው የእኛ ነው፤ አንደኛ ደረጃ የተባለውን ማን ይንቃል? እኔስ «ጠባይ» ቢባል እመርጣለሁ።

ቁጥሩ የሚናገረው ወረቀቱ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሻገረው በዝግታ ወይም በጥድፊያ መሆኑን ብቻ ነው። በዋግ፣ በሰሃላ ቀትር ነጭ ነጠላ ለብሳ ከጥላ ጠርዝ የቆመች እናት ብትነሣ፣ ብርሃኑና ጽልመቱ በኔጋቲቩ ላይ እጅግ ስለሚራራቁ፣ ለስላሳው 1 ቁጥር ካልሆነ የነጠላዋ ሽመናና የፊቷ መልክ ባንድነት አይወጡም፤ በሰቆጣ የክረምት ደመና ሥር የተነሣችው ግን በዚያው ወረቀት አመድ መስላ ትቀራለችና 3 ወይም 4 ትሻለች።

ይህን ሁሉ ጠባይ በአንድ ካርቶን ያጠቃለለው የእንግሊዙ ኢልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1940 «መልቲግሬድ» ብሎ ያወጣው ወረቀት ነው፤ የዛሬው መልቲግሬድ ምሥጢርም ይህ ነው። ብርሃን የሚያጠቁረው የብር ጨው በተፈጥሮው የሚነቃው ለሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ አረንጓዴውንም እንዲያይ ልዩ ቀለም ይጨመርበታል፤ ቀለሙ ግን ጨው በሦስት ተከፍሎ ለአንዱ ክፍል ብዙ፣ ለሁለተኛው ጥቂት፣ ለሦስተኛው ኢምንት ሆኖ ይሰጣል። በማኅሌት የቆሙ ሦስት ረድፍ ካህናትን አስቡ። ሰማያዊውን ምልክት ሦስቱም እኩል ያዩታልና፣ ወይን ጠጅ መሳይ ማጣሪያ አረንጓዴውን ሲከለክል ዜማውን ባንድ አፍ ያነሡታል፤ ጸጥታው ድንገት ወደ ታላቅ ድምፅ ይዘላል፤ ጠንካራው ወረቀት ይህ ነው። ቢጫ ማጣሪያ ሰማያዊውን ሲያግድ ግን አረንጓዴውን ምልክት አንዱ ረድፍ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ የመጨረሻው በብዙ ድካም ያየዋልና፣ ዜማው በየጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህም ለስላሳው ነው። ማኅሌት ያልቆመ ሰው ተከዜን ያስብ፤ ሦስት ጅረቶች ባንድ ሰዓት ቢደርሱ ወንዙ ባንዴ ይሞላል፣ በየተራ ቢደርሱ ግን በቀስታ ያድጋል። የጨለማ ክፍሉ መብራት ቀይ እንጂ አረንጓዴ መሆን የማይገባውም ወረቀቱ አረንጓዴን ስለሚያይ ነው።

የወረቀቱን አካል በተመለከተ ግን፣ ፕላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት ከሚንቁ የሙያ ባልንጀሮቼ ጋር አልስማማም። መጀመሪያ የወጣው የፕላስቲክ ወረቀት በብርሃን ይሰነጣጠቅ እንደ ነበረ እውነት ነው፤ የኋለኛው ግን መከላከያ ተጨምሮበት ተሻሽሏል። ፋይበር የሚባለው ንጹሑ ወረቀት የመቶ ዓመት ፈተና ያለፈ ቢሆንም፣ እርሱም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ሃይፖው፣ በሚገባ ካልታጠበለት ምስሉ ይደበዝዛል፤ መታጠቡም እስከ 1 ሰዓት የሚፈስ ውሃ ሲጠይቅ፣ ለፕላስቲኩ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት በዋግ ይህ ቀላል ነገር አይደለምና፣ ልምምዳችሁን በፕላስቲኩ አድርጉ፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈውን የእናት ምስል ግን በፋይበር አትሙት፤ ውሃውም ሳይሰሰት ይፍሰስለት።